ለስልጠና ቤንጋል ልሄድ ነው፤ የመሬት መዝገባቸውንና የሐበሻውን ሱልጣን ግንብ የሚያውቅ አለ?

መዝገብ ቤት (ጅማ፣ መንደራ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት።

እንጀራዬ የመሬት ማህደር ነው። ጠዋት ገብቼ ማታ እስክወጣ የሰው ካርታ፣ የሰው ሳይት ፕላን፣ የሰው የውርስ ክርክር አገላብጣለሁ። ሰሞኑን አሮጌውን ማህደር ስካን እያደረግን ወደ ኮምፒውተር እያስገባን ነው። አቧራው ጉሮሮዬን ዘግቶታል። የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያለው ወረቀት ሻግቶ እርስ በርሱ ተጣብቋል። በጥፍራችን ነው የምንለያየው። ስካን ተደርጎ ያለቀው ወደ ጆንያ ይገባል። ቡና የነበረበት ጆንያ ስለሆነ ሽታው እስካሁን አለቀቀም። «ሶፍት ኮፒው ካለ ወረቀቱ ምን ያደርጋል?» ይሉናል አለቆች። እኔ ሆዴ እሺ አላለም፤ ግን ምን ብዬ ልከራከር?

በዚሁ ሥራ ሰበብ ህንድ አገር አጭር ስልጠና መጣና ስሜ ወጣ። አይቴክ የሚባለው፣ የህንድ መንግሥት ለሌላ አገር ሠራተኞች የሚሰጠው ነው። ቦታው ኮልካታ ነው። እሁድና የበዓል ቀን ለእናንተ ነው ተብለናል።

እስቲ የምታውቁ አስረዱኝ። አስቀድመው የላኩልን ንባብ ውስጥ ካቲያን፣ ዳግ፣ ሞውዛ፣ ፖርቻ የሚሉ ቃላት ሞልተዋል። ከህንዶቹ ጋር ስቀመጥ እንዳላፍር ትንሽ ነገር ይዤ ልሂድ። ሌላው፣ አንድ የቢሮ ጓደኛዬ «እዚያ አገር ሐበሻ ነግሦ ያውቃል፣ ግንቡም አለ» ብሎኛል። ይህ ልጅ ሲያወራ አንዳንዴ ጨው ይጨምራል፤ እውነት ነው? ከሆነስ በአንድ እሁድ ደርሶ መመለስ ይቻላል? ቢሃርና ኡታር ፕራዴሽ አካባቢ የኖረም ካለ እዚያስ መዝገቡ እንዴት ነው?


የአዌቱ ዳር፦

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። ኮልካታ ሦስተኛ ዲግሪዬን የሠራሁባት ከተማ ነች፤ ያውም በመሬት መዝገብ ላይ። አሁን እዚሁ ጅማ አስተምራለሁ። ስለዚህ ቢረዝምብህ ቻለኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከወረቀቱ ልጀምር። የእኛን ሥርዓት ለጊዜው ወደ ጎን አድርገው። እኛ ጋ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሰው ያለው ይዞታ ነው፤ ይዞታውን መንግሥት በማህተም ያረጋግጥለታል። እነሱ ጋ መሬት የግል ነው፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል። የባለቤትነት ዋስትና የሚሰጥህ ግን የለም። በ1908ቱ የምዝገባ ሕግ የሚመዘገበው ውሉ ነው። ሻጩ እውነተኛ ባለቤት መሆኑን ማጣራት የገዢው ራስ ምታት ነው። የግብር መዝገብ ላይ ስምህ መኖሩም ቢሆን «ተቃራኒ ማስረጃ እስኪመጣ ያንተ ነው ተብሎ ይገመታል» ከማለት አያልፍም። ስለዚህ መሬት የሚገዛ ሰው ወደ ኋላ ይቆፍራል። ከሻጩ አባት፣ ከአባቱ አያት፣ ዛሚንዳሩ ጋ እስኪደርስ።

ዛሚንዳር ስልህ የእኛን ባላባት አስብ። በ1793 ሎርድ ኮርንዋሊስ የተባለው የእንግሊዝ ገዢ የቤንጋልን የመሬት ግብር ለዘለዓለም ቆርጦ ለዛሚንዳሮች አስረከበ። ግብሩ አንዴ ከተቆረጠ ማን ጭቃ ረግጦ ማሳ ይለካል? ገበሬው ለመቶ ዓመት ያህል የኖረው በዛሚንዳሩ ጸሐፊ ደብተር ውስጥ ነው። ቁራሽ በቁራሽ እየለኩ፣ የአራሹን ስም እየጠየቁ መመዝገብ የመጣው ከ1885ቱ የቤንጋል ጭሰኞች ሕግ ወዲህ ነው። ያንን የመጀመሪያ ልኬት ሲ ኤስ ይሉታል። አገሩ ለሁለት ከተከፈለ በኋላ ምሥራቁ፣ ማለትም የዛሬው ባንግላዴሽ፣ በ1950 ዛሚንዳርን የሚያስቀር ሕግ አወጣና ኤስ ኤ የሚባል አዲስ መዝገብ ተጻፈ። ብዙው የተጻፈው ሜዳ ተወርዶ ሳይሆን ከዛሚንዳሮቹ ወረቀት እየተቀዳ ስለነበር ስህተት ሞልቶታል። ከሱ በኋላ አር ኤስ፣ ከዚያም ቢ ኤስ መጣ። በህንድ በኩል ያለው ምዕራብ ቤንጋል ደግሞ ከ1955ቱ የመሬት ማሻሻያ ሕግ በኋላ ኤል አር የሚለውን ይጠቀማል።

ያስቸገሩህ ቃላት ቀላል ናቸው። ሞውዛ ለመሬት ግብር ሲባል የተከለለ መንደር ነው። እያንዳንዱ ሞውዛ የራሱ ካርታ አለው፤ ካርታው ላይ ያለችው እያንዳንዷ ቁራሽ መሬት ቁጥር አላት፤ እሷ ዳግ ነች። ካቲያን የሰውየው ገጽ ነው፤ እዚያ ሞውዛ ውስጥ ያሉት ዳጎቹ፣ ስፋታቸው፣ የመሬቱ ዓይነትና የሱ ድርሻ ይጻፍበታል። ማህተም ያረፈበት የካቲያን ግልባጭ ደግሞ ፖርቻ ነው። የመሬቱን ዓይነት የሚናገረውን ዓምድ እንዳትዘለው። የሩዝ ማሳ፣ የመኖሪያ፣ የፍራፍሬ ቦታ፣ ኩሬ እያለ ይለያል። መዝገቡ ኩሬ ካለው መሬት ላይ ውሃውን ደፍኖ ቤት መሥራት በሕግ ክልክል ነው። ሌሊት ሌሊት በቆሻሻና በአፈር የሚደፍኑ አልጠፉም፤ ግን የመንደሩ ሰው ክስ ሲመሠርት ይዞ የሚሄደው ያንን አሮጌ ገጽ ነው። የእኛን የቦዬን ረግረግ አስብና ለምን ይህን እንደነገርኩህ ይገባሃል።

ድርሻውም ራሱን የቻለ ጉድ ነው። አሮጌዎቹ ገጾች ላይ ሙሉው መሬት 16 አና ነው። አንድ አና 20 ጋንዳ፣ አንድ ጋንዳ 4 ኮራ፣ አንድ ኮራ 3 ክራንቲ። የልጅ ልጆች ሲካፈሉ ቁጥሩ እስከ ክራንቲ ይወርዳል። የመሬት መለኪያቸውም እንዳያምታታህ። የቤንጋል አንድ ቢጋ 20 ካታ ነው፤ ወደ 1,338 ካሬ ሜትር ይሆናል። ወደ ኡታር ፕራዴሽ ስትሻገር ቢጋ የተባለው ያንን እጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

አንድ ያየሁትን ልንገርህ። የመሬት ቢሮ ደጃፍ ላይ እንደኛ አገር ራፖር ጸሐፊዎች ጠረጴዛ ዘርግተው የሚቀመጡ ሰዎች አሉ። ሙሁሪ ይሏቸዋል። አንዱ ሽማግሌ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጀርባው በጨርቅ የተለጠፈ የሲ ኤስ ካርታ ዘረጋ። ነፋስ እንዳያነሳበት አራቱ ጥግ ላይ ሻይ የጠጡባቸውን የሸክላ ስኒዎች አስቀመጠ። ካርታው 16 ኢንቹ አንድ ማይል ነው። በነሐስ ማስመሪያ ከጥግ ጥግ ለካ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ለባለጉዳዩ «ጎረቤትህ ገብቶብሃል» አለው። ኮምፒውተር ጠፍቶ አይደለም። ባንግላርቡሚ የሚባል የመንግሥት ድረ ገጽ አለ፤ ሞውዛና የዳግ ቁጥር ስታስገባ ስም ይወጣልሃል። ባለጉዳዩም ስልኩ ላይ አይቶት ነው የመጣው። ስልኩ የሚነግርህ ዛሬ ማን እንደተጻፈ ነው፤ ጠቡ ያለው ደግሞ የዛሬው ስም እንዴት እዚያ እንደደረሰ ላይ ነው። ለአለቆችህ ይህን በላቸው። እዚያ አገር አዲስ ልኬት ይመጣል፣ አሮጌው ግን አይጣልም፤ ፍርድ ቤት ሲገባ ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው።

አሁን ግንቡ። ጓደኛህ በዚህ እንኳ ጨው አልጨመረም። ከሲያልዳ ጣቢያ ማታ የሚነሳው ጎር ኤክስፕረስ ጠዋት ማልዳ ያወርድሃል። ከማልዳ ቶቶ ትይዛለህ፤ በባትሪ የሚሄድ ባጃጅ ነው፤ ድምፅ ስለሌለው ከኋላህ ሲመጣ አትሰማውም። መንገዱ ግራና ቀኙ ማንጎ ነው። ፋዝሊ የሚሉት ዓይነት አንዱ ብቻውን ምሳ ይሆንሃል። ከዚያ ማንጎው መሀል የጎር ፍርስራሽ ይጀምራል። የቤንጋል ሱልጣኖች ዋና ከተማ የነበረች ናት፤ ወንዙ ሸሻት፣ በ1575 ደግሞ ወረርሽኝ ጨረሳት።

ግንቡ እዚያው ነው፤ ፊሮዝ ሚናር ይባላል፤ አምስት ደርብ ነው። ታችኞቹ ሦስቱ ባለ 12 ጎን ናቸው፤ ላይኞቹ ሁለቱ ክብ። ቁመቱ 26 ሜትር ያህል ነው፤ ውስጡ 73 ደረጃ አለው። የተሠራው ሳይፉዲን ፊሮዝ ሻህ በሚባል ሱልጣን ነው ይላሉ። ሐብሺ ከሚሏቸው አንዱ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሩክኑዲን ባርባክ ሻህ የተባለ ሱልጣን (1459–1474) ከእኛ አካባቢ የተወሰዱ ወታደሮችን በብዛት አስገባ፤ 8,000 ያህል ነበሩ ይባላል። ዘበኞቹ እየበረቱ ሄዱና ከሱ በኋላ፣ በ1487፣ በጊዜው የነበረውን ሱልጣን ገድለው ዙፋኑን ወሰዱ። የመጀመሪያው ወራት ሳይቆይ ሌላው ሐብሺ አዛዥ ማሊክ አንዲል ገለበጠው። ፊሮዝ ሻህ የተባለው እሱ ነው። ኋላ የተጻፈ ዜና መዋዕል ስለሱ እንዲህ ይላል። ለድሃ መቶ ሺህ ሩፒ ስጡ ብሎ አዘዘ። ሹማምንቱ «ይህ ሰው የገንዘብ ዋጋ አልገባውም» ብለው እንዲደነግጥ ገንዘቡን በሚያልፍበት ወለል ላይ ከመሩት። አየውና «ይህ ለማን ይበቃል? ሌላ መቶ ሺህ ጨምሩበት» አለ። የአካባቢው ሰው በበኩሉ ግንበኛው «ከዚህም በላይ ላስረዝመው እችል ነበር» ስላለ ሱልጣኑ ከላይ አስወረወረው ብሎ ይነግርሃል። ከሁለቱ የፈለግከውን እመን። ሐብሾቹ በ1490ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአላውዲን ሁሴን ሻህ ተገልብጠው ተባረሩ።

ላንተ ለመዝገብ ሰው የቆየሁት ነገር ይህ ነው። ጎር ከተማዋ ከጠፋች በኋላ ጡቧን የዘረፏት ሌሊት በድብቅ አይደለም። ኋላ ቤንጋልን በገዙት፣ ነዋብ በሚባሉት ገዢዎች ዘመን የግብር መዝገብ ውስጥ «የጎር ጡብ ዋጋ» የሚል ዓምድ ነበረ፤ በዓመት 8,000 ሩፒ። በአካባቢው ያሉ ጥቂት ባለመሬቶች ይህን እየከፈሉ ፍርስራሹን አፍርሶ የመውሰድ መብት ለብቻቸው ነበራቸው። ቅርስ ማፍረስ ሕጋዊ የግብር ምንጭ ነበር ማለት ነው፤ ደረሰኝ ያለው። ኮልካታ መሀል ቅዱስ ዮሐንስ የሚባል በ1787 የተመረቀ ቤተ ክርስቲያን አለ። ወለሉ ላይ ያለው ሰማያዊ ግራጫ ድንጋይ ከጎር የመጣ ነው። ማልዳ ሳትሄድ በፊት እሱን ርገጠው።


ሀናን ሄርማታ፦

ጋሼ ጥሩ አድርገው አስረድተዋል። እኔ ሕግ የተማርኩት ላክናው ነው፤ ኡታር ፕራዴሽ። የሂንዲ ተናጋሪውን አገር ልጨምርልህ።

እዚያ ቃላቱ ይቀየራሉ። የመሬት ቁጥሩ ካስራ ነው፤ የባለይዞታው ገጽ ካታውኒ። ስም ማዛወሩን ዳኪል ካሪጅ ይሉታል። መዝገቡን የሚይዘው የመንደር ሰው ድሮ ፓትዋሪ ነበር፤ ኡታር ፕራዴሽ ውስጥ በ1953 ፓትዋሪዎች በአንድነት ሥራ እንለቃለን ቢሉ መንግሥት «መልካም መንገድ» ብሎ ሌክፓል የሚባል አዲስ ሹመት አመጣ። ስሙ ተቀየረ እንጂ ብዕሩ ያው ብዕር ነው።

ያ ብዕር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከአዛምጋር ሰው ከላል ቢሃሪ ተማር። በ1970ዎቹ ብድር ሊወስድ ማስረጃ ፍለጋ ቢሮ ሄደ። «አንተ ሞተሃል» አሉት። አጎቱ ለባለሥልጣን ጉቦ ሰጥቶ መሬቱን ለመውሰድ ሞቷል ብሎ አስጽፎት ነበር። መሬቱ እኮ አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላም! ሰውየው በሕይወት መኖሩን ለማስመዝገብ እስከ 1994 ተከራከረ። በስሙ ላይ «ሟች» የሚል ጨመረበት። የሟቾች ማኅበር አቋቋመ፤ እንደሱ ወረቀት ላይ የተገደሉ ብዙ ሰዎች መጡ። በ1989 አሜቲ በሚባል የምርጫ ክልል ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ከራጂቭ ጋንዲ ጋር ለምርጫ ተወዳደረ። ለማሸነፍ አይደለም፤ ሙት አይወዳደርም፣ ስለዚህ ስሜ ዕጩ ላይ ከወጣ አለሁ ማለት ነው ብሎ። ክፍል ውስጥ ይህን ስንማር መጀመሪያ ሳቅን። ቀጥሎ አስተማሪያችን የመዝገቡን ግልባጭ ቦርድ ላይ አወጣና አንዲት መስመር ብቻ እንደሆነች አሳየን። እከሌ ሞቷል፣ ወራሹ እከሌ ነው። አለቀ።

ቢሃር ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የእንግሊዝ ዘመን የመሬት ሰነዶች ብዙዎቹ በካይቲ ፊደል የተጻፉ ናቸው። ዛሬ ሁሉም ሰው የሚያነበው የሂንዲውን ዴቫናጋሪ ነው፤ ካይቲ የሚያነቡት ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። በነሐሴ 2024 የቢሃር መንግሥት በመላው ግዛት አዲስ የመሬት ልኬት ሲጀምር ዴልሂ የሚሠሩ ልጆች ሳይቀሩ ባቡር እየተሳፈሩ ወረቀት ፍለጋ አገራቸው ገቡ። መሬቱ እስካሁን በቅድመ አያት ስም ስለሆነ የዘር ሐረግ ጽፎ ማቅረብ ግድ ነው። ወረቀቱ ከሣጥን ወጣ፤ የሚያነበው ጠፋ። መንግሥት ሠራተኞቹን ካይቲ ማስተማር ጀመረ።

ልኬቱን ካነሳን አይቀር፣ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሂድ። የህንዱ ንጉሥ የአክባር የግምጃ ቤት ሰው ቶዳር ማል በገመድ መለካትን አስቀረ። ገመድ ሲረጥብ ያጥራል፣ ሲደርቅ ይረዝማል። በምትኩ በብረት ቀለበት የተያያዘ ቀርከሃ አመጣ። የእኛ አገር አያቶች ቃላድ ሲጣልባቸው ገመዱ ያው ገመድ ነበር፤ ማን አጠረ ማን ረዘመ ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም።


ጥቁር ቡና፦

ይቅርታ ግን የሐበሻ ንጉሥ ምናምን የሚለው አልተመቸኝም። ተሸጠው የሄዱ ሰዎች ናቸው። ስድስት ሰባት ዓመት ተገዳድለው ነግሠው ተባረሩ። ይሄ ምኑ ነው የሚያኮራው? ግንቡ ጋ ሄዶ ሰልፊ ተነስቶ «አባቶቻችን» ሊባል ነው? እስቲ ቁም ነገር እናውራ።


የአዌቱ ዳር፦

ጥቁር ቡና፣ የተናገርከው ውሸት የለበትም። ተሸጠው ነው የሄዱት። እንኳን የዚያን ዘመን፣ እዚሁ ሄርማታ ገበያ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ይሸጥ ነበር፤ እኛ ጅማዎች ይህን ሳንናገር ስለ ቤንጋል ብቻ ብናወራ ያሳፍራል። የእነዚያ ሰዎች የትውልድ መንደርም አይታወቅም። መዝገብ የያዘላቸው የለም።

ግን «ቁም ነገር» ያልከው እዚያው ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ማሊክ አምባር በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ተወለደ፣ ተሸጠ፣ ብዙ እጅ ዞሮ ደካን የሚሉት የህንድ ደቡባዊ ክፍል ደረሰ። እዚያ በነበረው የአህመድናጋር መንግሥት ዋና ሰው ሲሆን ጦር ብቻ አይደለም ያዘዘ። መሬት አስለክቶ፣ የአፈሩን ለምነት አስለይቶ ግብሩን በዚያ ልክ አስተካከለ። የአካባቢው ገበሬ ስሙን ያስታወሰው በዚህ ነው። አገሩ የማራቲ ተናጋሪዎች ስለሆነ ከጥያቄው ትንሽ ይወጣል እንጂ፣ ለመሬት ሠራተኛ ከሱ የተሻለ ዘመድ ከየት ይመጣል?

ስለ ግንቡም ጉዳዩ ኩራት አይደለም። የህንድ የአርኪዮሎጂ መሥሪያ ቤት ከ1861 ጀምሮ አለ። ሕጋቸው በ2010 ከተሻሻለ ወዲህ ከተጠበቀ ቅርስ ዙሪያ 100 ሜትር ድረስ ግንባታ ክልክል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሌላ 200 ሜትር በፈቃድ ብቻ ነው። ይህ መስመር የሰው ማንጎ እርሻና የሰው ግቢ ላይ ያልፋል። አንድ የጎር ገበሬ ከመሬቱ ጥግ ላይ መጸዳጃ ቤት ለመሥራት ወረቀት ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ አይቻለሁ። ሐዘኔታዬ ለሁለቱም ነው፤ ለገበሬውም ለጡቡም። ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አስብ። ዙሪያውን ስንት ሜትር ድረስ ቤት መሥራት እንደማይቻል ጎረቤቱ ያውቃል? በካርታው ላይ ተሠምሯል? እንዲህ ያለውን ነገር መሬት ላይ የሚያሰምረው መዝገብ ቤት ነው እንጂ የታሪክ አስተማሪ አይደለም።


ፌሩዛ፦

እኔ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስሠራ አለቃችን ባንግላዴሻዊ ነበር። ቁጡ ነው፤ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ይሆናል። አንድ ቀን ቦርሳውን ከፍቶ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አሳየን። የአባቱ መሬት ካቲያን ነው። «መሬቱ የት ነው?» ስንለው «ውሃ ውስጥ» አለ። ፓድማ የሚባለው ወንዝ በልቶታል፤ ከነቤቱ፣ ከነዛፉ።

ታዲያ ወረቀቱን ለምን ትይዛለህ አልነው። ወንዙ እዚያ የወሰደውን አፈር ሌላ ጋ ይተፋዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ያው ቦታ ላይ መሬት ተመልሶ ብቅ ይላል። እንደሱ አነጋገር ሕጋቸው 30 ዓመት ይሰጣል፤ በዚህ ውስጥ መሬቱ ከውሃ ከወጣ የቀድሞው ባለቤት ወይም ወራሹ መጠየቅ ይችላል። ዳጉ የት እንደነበር የሚያሳየው አሮጌው ካርታ ብቻ ነው። አዲሱ ካርታ ላይ ወንዝ ነው የተሳለው። ቀድሞ የሚደርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዱላ ያለው ሰው ነው አለ። ስለዚህ ወረቀቱን ጅማ ድረስ ይዞት መጣ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ አይተወውም ነበር።

መዝገብ ቤት፣ ለአለቆችህ ይህንንም ንገራቸው።


መዝገብ ቤት፦

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ካሰብኩት በላይ ነው ያገኘሁት። የላል ቢሃሪን ታሪክ ዛሬ ሻይ ሰዓት ላይ ለቢሮ ልጆች ነገርኳቸው። አንዷ «እኛም ጋ አንድ ሁለት ሰው ገድለን ይሆናል» አለችና ሁሉም ዝም አለ።

ጋሼ፣ ሁለት ነገር ብቻ። ኦፕሬሽን ባርጋ የሚል ነገርም ንባቡ ውስጥ አለ፤ በአጭሩ ምንድን ነው? ሌላው፣ ማልዳ ማደር ካለብኝ አልጋ አያስቸግርም? ለአስተማሪዎቹ ስጦታ የጅማ ቡና ልይዝ አስቤያለሁ።


የአዌቱ ዳር፦

ባርጋ የእኩል እርሻ ነው። ባርጋዳሩ የሰው መሬት ያርሳል፣ ምርቱን ይካፈላል፣ ስሙ ግን የትም የለም። ባለመሬቱ በፈለገ ቀን ያባርረዋል። በ1978 የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት እነዚህን ሰዎች በስማቸው መመዝገብ ጀመረ። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፤ ገበሬው ባለመሬቱን ፈርቶ ቢሮ እንደማይመጣ ያውቃሉ። ስለዚህ ሠራተኞቹ ራሳቸው መንደር ወርደው፣ ማታ ከእርሻ ሲመለስ ሰብስበው፣ ቁጭ ብለው ጠየቁት። በጊዜው ከ14 መቶ ሺህ የሚበልጡ ባርጋዳሮች ተመዘገቡ። ባለመሬቱ በሬና ዘር ካላቀረበ የአራሹ ድርሻ በሕግ ከመቶ 75 ነው። ስልጠናው ላይ ስለ ድሮንና ስለ ሶፍትዌር ብዙ ይነግሩሃል፤ በ2020 የተጀመረው ስዋሚትቫ የመንደር ቤቶችን በድሮን የሚለካ ነው፣ እሱን በደንብ ተማር። ግን ስለ ማታዎቹ ስብሰባዎች ራስህ ጠይቃቸው፤ ካልጠየቅክ አይነግሩህም።

ለአልጋው፣ ትንንሽ ሆቴሎች የውጭ አገር ሰው ሲያዩ «ሞልቷል» ይላሉ። ሞልቶ አይደለም። የውጭ እንግዳ ሲያድር ሆቴሉ ለመንግሥት የሚሞላው ቅጽ አለ፤ ሥራ ስለሚበዛባቸው ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ በባቡር ሄደህ እሁድ ማታ በባቡር ተመለስ፤ ሌሊቱን መንገድ ላይ ተኛው። ፓስፖርትህን ኪስህ ውስጥ አድርግ፤ ጎር ድንበሩ ላይ ናት፤ ከፍርስራሹ ትንሽ ወረድ ስትል የባንግላዴሽ ጭነት መኪኖች መተላለፊያ ነው፤ ወታደር ይጠይቅሃል። ከኅዳር እስከ የካቲት ከሆነ አየሩ ደስ ይላል፤ ግንቦትና ሰኔ ከሆነ ማንጎውን ታገኛለህ፣ ሙቀቱን ግን አትችለውም፤ ጃንጥላ ያዝ።

ቡናውን ቆልተህና ፈጭተህ ውሰደው። እነሱ የሻይ ሰዎች ናቸው፤ ጥሬ ከያዝክላቸው መደርደሪያ ላይ ይቀራል።